የነቀምቴ ተማሪዎች ከፈተና በኋላ የሄዱባቸው መንገዶች

በነቀምቴና በዙሪያዋ ባለው በጉቶ ጊዳ ወረዳ የወጣቶች የወደፊት መንገድ በአገር አቀፍ ፈተና ውጤት መወሰን ከጀመረ ሰባ ዓመት ያህል ሆኖታል። ከዚያ በፊት ለልጅ ሙያ የሚመርጥለት ቤተሰቡ፣ የባላባቱ ቤት ወይም ፊደል ያስቆጠረው ሚሲዮን ነበር። ፈተናው ከመጣ ወዲህ ብዙ በሮች ተከፍተዋል፤ የትኛው በር ለየትኛው ልጅ እንደሚሆን የመምከሩ ሥራ ግን ከፈተናው እኩል አላደገም። ነቀምቴን ጨምሮ የወለጋ ከተሞች ታሪክ ሲመረመር በየዘመኑ አንድ ነገር ይደጋገማል፤ ወጣቶች የሚመርጡት በዓይናቸው ካዩትና ሰው ከነገራቸው ሥራ መካከል ነው።

ከዘመናዊ ትምህርት በፊት

በ19ኛው መቶ ዘመን ነቀምቴ የሌቃ ነቀምቴ ገዢዎች መናገሻ ነበረች። በከሬ ጎዳና የመሠረቱትን ግዛት ልጃቸው ሞሮዳ በከሬ አጸኑት፤ በ1874 ዓ.ም. ገደማም ለምኒልክ የጦር አዛዥ ለራስ ጎበና በሰላም ገብተው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። በዚያ ዘመን የገበሬ ልጅ እርሻና ከብት እርባታን ከአባቱ ይማራል። አንጥረኝነት፣ ቆዳ ማልፋትና ሸክላ ሥራ በዘር የሚወረሱ ሙያዎች ስለነበሩ፣ ከእነዚያ ቤተሰቦች የተወለደ ልጅ ሌላ ሥራ ለመያዝ እምብዛም ዕድል አልነበረውም። ቅልጥፍና ያለው ወጣት በነጋዴዎች ቅፍለት ውስጥ ገብቶ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና ይዞ ይጓዛል፤ ወይም በባላባቱ ቤት በአገልጋይነት አድጎ ሹመት ይጠብቃል።

ከምኒልክ መንግሥት ጋር የተፈጠረው ግንኙነት አዲስ ፍላጎት አመጣ። ግብር ሲሰፈር መዝገብ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤ ሲጻፍ ጸሐፊ ያስፈልጋል። በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት የሞሮዳ ልጅ ደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ ከአዲስ አበባ ጋር የተለዋወጧቸው በርካታ ደብዳቤዎች ይህን ያሳያሉ። የጽሕፈት ችሎታ በእጅ ካለ ከገበሬነትና ከንግድ ሌላ የሚያስኬድ መንገድ እንዳለ የታወቀው ያኔ ነው። ይህን ችሎታ በመጀመሪያ ያስተማሩት ከቤተ ክህነት የመጡ ካህናትና ደብተራዎች ነበሩ።

የሚሲዮን ትምህርት ቤትና ሦስቱ ሙያዎች

ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው ምጽዋ ላይ ነጻ የወጡ፣ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን የተማሩና ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱ ሰው ናቸው። ሙሉው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። ኦኔሲሞስ በ1896 ዓ.ም. ነቀምቴ ሲገቡ ደጃዝማች ኩምሳ ተቀበሏቸው፤ በኦሮምኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ከእሳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ቦጂ ላይ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ተመሳሳይ ሥራ ጀምረው ነበር። አስቴር ጋኖና ፌቤን ሂርጴም በመምህርነት ስላገለገሉ፣ የነቀምቴ ልጃገረዶች ከጅምሩ ሴት መምህር አይተዋል።

ኦኔሲሞስ ከቤተ ክህነት በቀረበባቸው ክስ ለዓመታት እንዳይሰብኩ ቢታገዱም ትምህርቱ ሥር ሰደደ። ሌሎች ሚሲዮኖችም ተከተሉ። የኅዳር በሽታ በተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ማግስት አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ ወደ ደምቢ ዶሎ መጡ፤ የጀርመኑ የሄርማንስቡርግ ሚሲዮን እ.ኤ.አ. በ1928 አይራ ላይ ሥራ ጀመረ፤ ነቀምቴ ላይ የስዊድን ሚሲዮን ሆስፒታል ተከፈተ፤ ጊምቢ ላይ ደግሞ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የአድቬንቲስት ሆስፒታል ተቋቋመ።

በእነዚህ ጣቢያዎች ዙሪያ ያደገ ልጅ ትምህርቱን ሲጨርስ በዋናነት ሦስት ሙያዎች ይታዩት ነበር፤ መምህርነት፣ ወንጌላዊነትና ድሬሰርነት። ድሬሰር ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ለውጭ አገር ሐኪም የሚያስተረጉምና በቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚያግዝ ረዳት ነው። ምርጫው ጠባብ ቢሆንም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ልጁ ሙያውን ከመያዙ በፊት በየቀኑ ያየዋል፣ ሥራውን የሚሠራውንም ሰው በስም ያውቀዋል። የሚያስተምረው ሰው ባሕርዩንና ችሎታውን ስለሚያውቅ ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ለመገመት አይቸገርም።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቦጂ የተወለዱት ጉዲና ቱምሳ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ነቀምቴ ሆስፒታል ውስጥ በቀዶ ሕክምና ረዳትነት ሠልጥነው ሠሩ፤ ኋላ ወደ ነገረ መለኮት ትምህርት ዞረው ቄስ ሆኑ፤ አሜሪካ ሚኒሶታ ተምረው ከተመለሱ በኋላም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆነው አገለገሉ። በ1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ተገደሉ። አንዱ ሙያ ለሌላው መሸጋገሪያ ሊሆን እንደሚችል የእሳቸው ሕይወት ያስረዳል።

ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ

በዚያው ዘመን ሁለተኛ መንገድ ተከፈተ። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤቶች ሥራ ሲጀምሩ ከወለጋ የመጡ ልጆችም ገቡባቸው። አዲስ አበባ ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ጉዞው ያኔ በእግርና በበቅሎ ስለነበር ሳምንታት ይወስዳል። አማኑኤል አብርሃም ከወለጋ ተነሥተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ኋላም የትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ለንደን የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ጸሐፊ፣ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆኑ። ይልማ ዴሬሳ ደግሞ ከምኒልክ ትምህርት ቤት ወደ እስክንድርያ፣ ከዚያም ወደ ለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ሄደው በገንዘብ ሚኒስትርነት ለረጅም ጊዜ አገልግለዋል። የወለጋ ወላጆች ትምህርት ከመንግሥት ወንበር ጋር የተያያዘ መሆኑን ያመኑት እንደነዚህ ያሉ ልጆችን እያዩ ነው።

የጣሊያን ወረራ ይህን ጉዞ አቋረጠው። በ1928 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና ሌሎች የተማሩ ወጣቶች የጥቁር አንበሳ ማኅበርን መሥርተው ወለጋ ውስጥ ተዋጉ፤ ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉ የጣሊያን አውሮፕላኖችንም አጥቅተው አቃጠሉ። በቀጣዩ ዓመት ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ ጋር ጠላት ብዙ የተማሩ ኢትዮጵያውያንን ገደለ። ከነጻነት በኋላ መሥሪያ ቤቶች ባዶ ስለነበሩ ጥቂት ክፍል የተማረ ወጣት እንኳ ወዲያው ሥራ ያገኝ ነበር፤ አማካሪ ሳያስፈልገው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይፈልገው ነበር።

በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ የማስተማሪያ ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። ኦኔሲሞስ በኦሮምኛ የጀመሩት ትምህርት በዚህ ቆመ። በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር የወለጋ ልጅ ከዚያ ወዲህ በትምህርት ለመግፋት በመጀመሪያ አማርኛ፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛ መልመድ ነበረበት። ቋንቋ የሙያ ምርጫ አንድ አካል ሆኖ የዘለቀው ከዚህ ጀምሮ ነው።

ሚኒስትሪና ማትሪክ

በ1930ዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ፣ የጄኔራል ዊንጌት፣ የንግድና የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤቶች አዲስ አበባ ውስጥ ተከፈቱ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። የለንደንን ፈተና የተካው የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተና የመጣውም በዚያው ሰሞን ነው። ሕዝቡ የ12ኛ ክፍሉን ፈተና ማትሪክ፣ የ8ኛ ክፍሉን ሚኒስትሪ እያለ ጠራቸው።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሚኒስትሪ ራሱ ትልቅ መለያያ ነበር። 8ኛ ክፍል የጨረሰ ተማሪ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ፣ ወደ ጤና ረዳትነት፣ ወደ እርሻ ወይም ወደ ፖሊስና ጦር ሠራዊት መሄድ ይችል ነበር። ቤተሰቡ አቅም ያለው ወይም መምህሩ በርታ ያለው ወደ 9ኛ ክፍል ይቀጥላል። ማትሪክ ደግሞ ከዚህ የጠበበ ደጅ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በአምስት ትምህርቶች ማለፍ የሚጠበቅ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ይገኙበታል። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የጎንደር ጤና ኮሌጅና የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ሲከፈቱ ምርጫው ሰፋ፤ ለነቀምቴ ተማሪ ግን ሁሉም ሩቅ ነበሩ። ሥራ መያዝ የፈለገ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ባንክ፣ ቴሌኮሙኒኬሽን፣ አየር መንገድና የሐረር ጦር አካዳሚ ያወጡትን ማስታወቂያ ይከታተላል።

በዚህ ዘመን ነቀምቴ የተማሪ ከተማ ሆነች። ከአዲስ አበባ፣ ከጊምቢና ከደምቢ ዶሎ እንዲሁም ከበደሌ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት ስለሆነች፣ ከገጠር የመጡ ልጆች በጋራ ክፍል ተከራይተው፣ ከቤት ስንቅ እያስመጡ ሁለተኛ ደረጃ ይማሩባታል። የብዙዎቹን ኪራይና ደብተር የሚከፍለው የቡና ገንዘብ ነበር። በዓለም ገበያ ለቀምቲ በሚል ስም የሚታወቀው የወለጋ ቡና ዋጋው ሲወድቅ ትምህርት የሚያቋርጥ ልጅ ይበዛል፤ ስለዚህ ምርጫው የችሎታ ብቻ ሳይሆን የዓመቱ ምርትም ጉዳይ ነበር።

መንግሥት የቀለም ትምህርት ብቻውን እንደማይበቃ ተረድቶ በ1950ዎቹ መጨረሻ በዓለም ባንክ ብድር ጭምር በመታገዝ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አስፋፋ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ከቀለም ትምህርት ጎን እርሻ፣ ንግድ፣ የቤት አያያዝና የእጅ ሥራ ይሰጥ ነበር። የተማሪ ምክር አገልግሎት ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የገባውም በዚህ ጊዜ ነው። ሐሳቡ በዓለም ላይ አዲስ አልነበረም። ፍራንክ ፓርሰንስ የተባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ቦስተን ከተማ የሙያ ምክር ቢሮ ከፍተው፣ አንድ ወጣት በመጀመሪያ ራሱን፣ ቀጥሎ ሥራዎችን፣ በመጨረሻም የሁለቱን መጣጣም መመርመር እንዳለበት አስተምረዋል። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ግን አማካሪው ብዙ ጊዜ በሥነ ሥርዓት ጉዳይና በመቅረት ቁጥጥር ይጠመዳል፤ ተማሪውን ስለ ሥራ ዓለም ለማነጋገር ጊዜ አያገኝም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ትምህርት ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት በዛ። የትምህርት ዘርፍ ጥናት የተባለው ዕቅድ መፍትሔ ብሎ ያቀረበው መሠረታዊ ትምህርትን ለብዙኃኑ ማስፋትና የከፍተኛውን መግቢያ መገደብ ነበር። ወላጆችና መምህራን ዕቅዱ የድሃውን ልጅ መንገድ ይዘጋል ብለው ተቃወሙት፤ በ1966 ዓ.ም. የካቲት መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ዕቅዱም ተነሣ። ከዩኒቨርሲቲ ሌላ የሚቀርብ መንገድ ሁሉ ዝቅ ማለት ነው የሚለው ስሜት በዚህ ክርክር ውስጥ ጎልቶ ታይቷል።

የደርግ ዘመን

ንጉሡን አውርዶ ሥልጣን የያዘው ወታደራዊው ደርግ በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል የ11ኛና የ12ኛ ክፍል፣ እንዲሁም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ላከ። አንድ ትውልድ ትምህርቱን አቋርጦ ገበሬ ማደራጀትና ማስተማር ጀመረ፤ ከዚያ የተከተለው የቀይ ሽብር ዘመንም ብዙዎችን ከትምህርትም ከሕይወትም ነጠቀ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛ በግእዝ ፊደል ከማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ ማንበብ የሚችል ወጣት ሁሉ መምህር የመሆን ዕድል አገኘ።

ማትሪክ በዚህ ዘመን በፊደል ደረጃና በነጥብ ይለካ ነበር። ድፍን አራት ያመጣ ተማሪ በከተማው ሁሉ ይወራለታል፤ ሕክምናና ምሕንድስና እንዲገባም ይጠበቃል። የመግቢያው ነጥብ እንደየዓመቱ ይለያያል፤ ያለፈ ተማሪ ቅጽ ሞልቶ ምደባ ይጠብቃል። ጎበዝ ነው የተባለ ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ወይም ወደ ኩባ በነጻ ትምህርት ይላካል። ነጥቡ ዩኒቨርሲቲ ያላስገባው ከ12ኛ ክፍል በኋላ የአንድ ዓመት ሥልጠና በሚሰጡ የመምህራን ማሠልጠኛዎች ይወዳደራል፤ ነቀምቴም የራሷ ማሠልጠኛ ስለነበራት ለአካባቢው ልጆች መምህርነት ቅርቡ ደጅ ሆኖ ቆየ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ደግሞ ማትሪክ መውደቅ ሌላ ፍርሃት ጨመረ፤ ትምህርት ቤት ወይም ሥራ ያልያዘ ወጣት ለግዳጁ የቀረበ ነበርና።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በቁቤ (በላቲን ፊደል) እንዲጻፍ ተወሰነ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን መሠረት አደረገ። ኦሮሚያ ውስጥ የመምህራን፣ የጸሐፊዎች፣ የዳኞችና የጋዜጠኞች ፍላጎት በአንድ ጊዜ ጨመረ። የነቀምቴ የመምህራን ማሠልጠኛ ወደ ኮሌጅ አደገ። የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሆኖ ስለቀጠለ ደግሞ፣ ወጣቱ ሲመርጥ በክልሉ ውስጥ ለመሥራት ወይም ከክልሉ ወጥቶ ለመወዳደር አብሮ ማሰብ ነበረበት።

ፖሊሲው የፈተናውን ቦታም ለወጠ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አገር አቀፉ ፈተና በ10ኛ ክፍል መጨረሻ ተሰጠ፤ ያለፈው ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ገብቶ የተፈጥሮ ወይም የኅብረተሰብ ሳይንስ ይመርጣል፤ ሌላው ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ኮሌጅ ይሄዳል። ስለዚህ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሕይወቱን የሚወስን ምርጫ እንዲያደርግ ተጠየቀ። ቴክኒክና ሙያ የወደቁ ልጆች ቦታ ተደርጎ መታየቱ ዘርፉን ጎዳው፤ በሙያው የሠለጠነ ልጅ የብቃት ምዘና አልፎ ሥራ ሲይዝ እንኳ ቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ልጅ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። መንግሥት ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶውን ለተፈጥሮ ሳይንስ፣ 30 በመቶውን ለኅብረተሰብ ሳይንስ እንዲሆን ሲወስን ደግሞ፣ ቤተ ሙከራ ባልተሟላላቸው ትምህርት ቤቶች የተማሩ ልጆች ጭምር ወደ ሳይንስ አዘነበሉ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1999 ዓ.ም. ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምቴ ላይ ሲከፈት ነው። ኋላ በጊምቢና በሻምቡ ካምፓሶች ኖሩት፤ ደምቢ ዶሎም በ2010 ዓ.ም. የራሷን ዩኒቨርሲቲ አገኘች። ተማሪ የሚመደበው በአገር አቀፍ ደረጃ ስለሆነ የነቀምቴ ልጅ የግድ ነቀምቴ አይማርም፤ ቢሆንም ሐኪም፣ መሐንዲስና መምህር ሲሠለጥኑ በየቀኑ ማየት ቻለ። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ የፊንጫና የአርጆ ዴዴሳ ስኳር ፋብሪካዎች፣ የባኮ እርሻ ምርምር ማዕከል ሁሉም ከትምህርት ቤት ደጃፍ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ያሉ የሥራ ዓለሞች ናቸው።

የዛሬው ፈተና

የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ቀርቶ ሸክሙ ሁሉ 12ኛ ክፍል ላይ ተከመረ። የፈተና ስርቆትን ለመግታት የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ አድረው ሲፈተኑ፣ ከ900 ሺህ ከሚጠጉት ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃውን ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ አለፉ። ከግማሽ በታች ካመጡት የተሻሉት በማካካሻ (ሬሜዲያል) ትምህርት ሌላ ዕድል ተሰጣቸው።

በወለጋ ዞኖች ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የቀጠለው ግጭት ችግሩን አከበደው። በብዙ ወረዳዎች ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መምህራንና ቤተሰቦች ተፈናቅለዋል፤ ወራት የባከኑበት ተማሪ ሙሉ ዓመት ከተማረው ጋር እኩል ተፈትኗል። ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ነጥቡ ችሎታውን በትክክል አይናገርም፤ ቀጣዩን መንገድ ሲያስብ የሚያግዘው ሰው ከሌሎች ይበልጥ ያስፈልገዋል።

በአገሪቱ ከአሥር ተፈታኞች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ካልገቡ፣ ለእነዚያ የሚሰጠው ምክር ከትምህርት ሥርዓቱ ዳር የሚቀመጥ ተጨማሪ ሥራ ሊሆን አይችልም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሙያና የቴክኒክ ትምህርት ማስገባቱ፣ በ11ኛና በ12ኛ ክፍልም ሙያ ነክ ትምህርቶችን መጨመሩ ለዚህ የተሰጠ ምላሽ ነው። ውጤት የሚያመጣው ትምህርቱ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ሥራ ቦታ ሲደርስ ነው። የሚሲዮን ዘመን ልጅ ድሬሰሩን ሲሠራ አይቶ፣ ጠይቆና ሞክሮ መርጧል። የዛሬው የጉቶ ጊዳ ተማሪ ከውጤት ቀን ብዙ አስቀድሞ ወደ ሆስፒታሉ፣ ወደ ጋራዡ፣ ወደ ምርምር ማዕከሉና ወደ ፋብሪካው ቢወሰድ፣ በሙያው የቆየ ሰው ስለ ገቢውና ስለ ድካሙ በግልጽ ቢነግረው፣ ትምህርት ቤቱም ይህን ብቻ የሚሠራ አማካሪ ቢኖረው፣ የሚሞላው ቅጽ የራሱ ምርጫ ይሆናል። ወላጆችም በዚህ ንግግር ውስጥ ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ መግባት አለባቸው፤ በወለጋ የልጅን ትምህርት የሚሸከመው እስካሁን የእነሱ ቡና፣ በቆሎና ከብት ነውና።